የዕድር ቃለ መጠይቄ ሁሉ «ደህና ነው» ብሎ ያበቃል፤ ዓይነታዊ ምርምርን የት ልማር?

ሰሚት_ማዶ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የማኅበራዊ ሥራ የሁለተኛ ዓመት የማስተርስ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌ የሚያጠናው በመሀል አዲስ አበባ ከፈረሱ ሰፈሮች ተነሥተው ኮንዶሚኒየም የገቡ ሰዎች ዕድራቸውን ምን እንዳደረጉት ነው። አንዳንዱ ከአሮጌው ሰፈር ዕድር ስሙን ሳያሰርዝ ለቀብርና ለስብሰባ በአውቶቡስ ይመለሳል። አንዳንዱ ከብሎኩ ሰዎች ጋር አዲስ ዕድር ያቋቁማል። ለሁለቱም የሚከፍል አለ። ድንኳኑ የት ይተከላል፣ ወንበሩና ብረት ድስቱ የት ይቀመጣል፣ አስከሬን ከአራተኛ ፎቅ በጠባብ ደረጃ እንዴት ይወርዳል፣ ይህ ሁሉ ለነዋሪው አዲስ ነገር ነው። ርዕሱን ከልቤ እወደዋለሁ።

የቸገረኝ ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው፣ ሰዎች በደስታ ይቀበሉኛል፣ ቡና ያፈሉልኛል፣ ግን የሚነግሩኝ ነገር የለም። «ወደዚህ ከመጣችሁ በኋላ ማኅበራዊ ግንኙነታችሁ ምን ይመስላል?» ስል «ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይሉኛል። «ዕድር ለእናንተ ምን ጠቀሜታ አለው?» ስል «መረዳጃችን ነው» ይሉኛል። የተቀዳውን ወደ ጽሑፍ ስገለብጠው ሁሉንም የተናገረው አንድ ሰው ይመስላል። ሁለተኛው፣ 18 ሰው አነጋግራለሁ የሚለውን የጥናት ዕቅዴን ሳቀርብ ከገምጋሚዎቹ አንዱ «18 ሰው በየትኛው ቀመር ተገኘ?» ብለው ጠየቁኝ፤ የሚያረካ መልስ አልነበረኝም።

የምርምር ዘዴ ኮርስ ወስደናል። ፍኖሜኖሎጂ የሚባለውን የጥናት ዘዴ ከጉዳይ ጥናት ለይቼ ፈተና ላይ መጻፍ እችላለሁ። ሰው ፊት ተቀምጦ መጠየቅና የተነገረውን መተንተን፣ ማለትም ዓይነታዊ ምርምር፣ ግን የት ነው የሚማሩት?


የመስክ_ማስታወሻ፦

እህቴ፣ አንትሮፖሎጂ አስተምራለሁ፤ ይህን ጥያቄ ከብዙ ተማሪዎች እሰማለሁ። ሰዎቹን አትለውጪ፣ ጥያቄውን ለውጪ። «ማኅበራዊ ግንኙነታችሁ ምን ይመስላል?» የሚለው ጽሑፉን ስትጨርሺ አንቺ ለፈታኞችሽ የምትመልሽው ጥያቄ ነው። ለእነርሱ ስታቀርቢው ትንታኔውን እንዲሠሩልሽ እየጠየቅሽ ነው። ደግሞም ጨዋ ሰው እንግዳ ፊት ጎረቤቶቹን አያማም። «ደህና ነው» ያሉሽ የሚደብቁት ነገር ስላለ ላይሆን ይችላል፤ እንዲህ ላለ ጥያቄ የሚገባው መልስ እርሱ ስለሆነ ነው።

ስለዚህ አስተያየት አትጠይቂ፣ የሆነውን ጠይቂ። «በዚህ ብሎክ በቅርብ ሰው የሞተ ጊዜ እስቲ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ። እርስዎ እንዴት ሰሙ? ማን ነገረዎ? ድንኳኑ የት ተተከለ? እንጀራውን ማን ጋገረው? ሊመጣ ሲገባው ያልመጣ ሰው ነበር? ምን ተባለ?» ሰው ያየውን ሲተርክ ጎረቤትን የማማት ስሜት አያድርበትም፤ አንቺ ግን «ማኅበራዊ ግንኙነት» የምትይው ነገር እዚያ ትረካ ውስጥ ተዘርግቶ ታገኚዋለሽ። ሲያቆሙ ቶሎ ወደ ቀጣዩ ጥያቄ አትዝለይ። «ከዚያስ?» ማለት ብዙ ጊዜ ይበቃል። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ከዋናው ነገር የራቁ ሲመስሉሽም አታቋርጫቸው፤ የት እንደሚደርሱ ያውቃሉ።

አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት አለን ሆበን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ጎጃም፣ ደጋ ዳሞት ተቀምጦ የርስትን ሥርዓት ሲያጠና በደንቡ ላይ ብቻ አላቆመም። ደንቡ ከአቅኚው አባት የተወለደ ሁሉ መብት አለው ይላል። ሆበን ማን በየትኛው የዘር ሐረግ የትኛውን መሬት እንደጠየቀ፣ ክርክሩ እንዴት እንደሄደ ተከታተለ። በዚህም መብቱ ለብዙዎች ቢሆንም መሬቱን በእጁ የሚያስገባው ተሰሚነትና ደጋፊ ያለው መሆኑን አሳየ። «ርስት ለእናንተ ምን ጠቀሜታ አለው?» ብሎ ቢቀር ኖሮ ይህን የሚነግረው ባልተገኘ።

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የድጋፍ ደብዳቤው ነው። ያለ ደብዳቤ መሥራት አይቻልም፣ ይገባኛል። ነገር ግን ወደ ቤቱ ያስገባሽ የወረዳ ሠራተኛ ከሆነ ሰዎቹ የሚያዩሽ በእርሱ በኩል ነው። ቤት የሚቆጠርበት፣ ርዳታ የሚመዘገብበት ወይም ተከራይ የሚጣራበት ቀን ይመስላቸዋል። ደብዳቤውን ለሚመለከተው አስገቢ፤ ወደ ሰዎቹ ግን በሚያምኑት ሰው በኩል ግቢ፣ ብቻሽንም ተመልሰሽ ሂጂ። ሁለተኛው ጉብኝት ከመጀመሪያው የተለየ ነው፤ እንግድነትሽ ቀንሷል።

ቅጂውን ደግሞ ራስሽ ገልብጪው፣ ለሰው ከፍለሽ አታስገልብጪ። የአንድ ሰዓት ንግግር ከ4 እስከ 6 ሰዓት ሊወስድብሽ ይችላል፤ ዋናው ትምህርት ቤት ግን እርሱ ነው። የት እንዳቋረጥሽ፣ የቱን ፍንጭ ሰምተሽ እንዳለፍሽው፣ መልሱን የያዘ ጥያቄ የት እንደጠየቅሽ በጆሮሽ ትሰሚያለሽ። የመስክ ማስታወሻሽንም በዚያው ዕለት ማታ ጻፊ፤ መቅረጫው ከጠፋ በኋላ በር ላይ የተነገረው ብዙውን ጊዜ ከተቀዳው ይበልጣል።


ስታት_መምህር፦

ስለ አጠያየቁ የተባለው ያሳምናል። ስለ ናሙናው ግን ገምጋሚው የጠየቁት ተገቢ ጥያቄ ነው ብዬ አምናለሁ። ስታቲስቲክስ አስተምራለሁ፣ በፈታኝነትም እቀመጣለሁ። ጥቂት ሰዎች አነጋግረው «የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች እንዲህ ያስባሉ» ብለው የሚደመድሙ ጽሑፎች ይገጥሙኛል። ሰዎቹ ለምን እንደተመረጡ አይነገረኝም፤ ብዙ ጊዜ በቅርብ የተገኙት ናቸው። በዓላማ የተመረጠ ናሙና ብሎ መጻፍ ብቻውን ዓላማ አይሆንም። በቀመር ካልሆነ በምን? ከልቤ ነው የምጠይቀው፤ ጥሩ መልስ ካለ እኔም ለተማሪዎቼ እነግራለሁ።


ጤና_መኮንን፦

ቀመሩን ራሱን ብናየው መልሱ ይገኛል። በአገራችን የመመረቂያ ጽሑፎች የናሙና መጠን ለማስላት የተለመደው የያማኔ ቀመር፣ ነዋሪው 1,000 ቢሆንና የስሕተቱ ልክ 5 ከመቶ ቢወሰድ፣ 286 ሰው ይሰጣል። ይህ ቁጥር ትርጉም የሚኖረው «ከመቶ ስንቱ ለሁለት ዕድር ይከፍላል?» ለሚል ጥያቄ ነው፣ ያውም ሰዎቹ በዕጣ ከተመረጡ። የእህታችን ጥያቄ ስንት ሰው ሳይሆን ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ነው። 286 ሰው «ደህና ነው» ቢላት ከአሁኑ የተሻለ አታውቅም።

በጤና ምርምር ውስጥ ብዙ የሚጠቀሰው የጌስት፣ የባንስና የጆንሰን የ2006 እ.ኤ.አ. ጽሑፍ ነው። በጋናና በናይጄሪያ ከሴቶች ጋር የተደረጉ 60 ቃለ መጠይቆችን ይዘው አዲስ ሐሳብ መምጣቱን የሚያቆመው የት ላይ እንደሆነ ፈተሹ። ከመጀመሪያዎቹ 12 ወዲህ ብዙም የተጨመረ አልነበረም፤ ዋና ዋናዎቹ ጭብጦችም ገና በ6ኛው አካባቢ ታይተው ነበር። ጥንቃቄው ግን አብሮ ይጠቀስ፦ ተጠያቂዎቹ በብዙ ነገር የሚመሳሰሉ፣ ጥያቄዎቹም ለሁሉም ተቀራራቢ ነበሩ። ሰዎችሽ የተለያዩ ከሆኑ 12 አይበቃሽም።

ስለዚህ 18ቱን እነማን ናቸው ብለሽ ክፈያቸው። ለአሮጌው ዕድር ብቻ የሚከፍሉ፣ ለአዲሱ ብቻ የሚከፍሉ፣ ለሁለቱም የሚከፍሉ፣ ከሁለቱም የሌሉ። ሴትና ወንድ፣ ሽማግሌና ወጣት። ተከራዮችን ደግሞ አትርሺ! በኮንዶሚኒየም ውስጥ ብዙ ሰው ተከራይ ሆኖ ሳለ ስለ ዕድር የሚጠየቀው ሁልጊዜ ባለቤቱ ነው። እያንዳንዱ ሰው ለምን እንደተመረጠ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊ። ስታት_መምህር የጠየቁት ዓላማ ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ኮሬክ የተባለው ባለ 32 ነጥብ መዘርዝርም ስለ ቃለ መጠይቅና የቡድን ውይይት ምን ምን መጻፍ እንዳለበት ያስታውስሻል። ሙጥኝ አትበይው እንጂ ዘዴውን ስትጽፊ አጠገብሽ ይኑር።


ከኦስሎ፦

እዚህ ዶክትሬቴን እየሠራሁ ነው። ጤና_መኮንን ያልከውን አከብራለሁ፤ በአንድ ነገር ግን አልስማማም። አዲስ ሐሳብ መምጣቱ ሲያቆም ይበቃል የሚለው፣ «ሙሌት» የሚባለው መለኪያ፣ ለሁሉም ዘዴ የሚሆን መልስ አይደለም። ሐሳቡ የመጣው ከግሌዘርና ከስትራውስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1967 ሲጽፉት ንድፈ ሐሳብ ከመረጃ ለመገንባት ነበር፤ ሙሌት ሲሉም የንድፈ ሐሳቡ ክፍሎች መሙላታቸውን እንጂ ቃለ መጠይቆች መደጋገማቸውን አልነበረም። እህታችን ደግሞ እንደ ብዙዎቻችን የብራውንንና የክላርክን ጭብጣዊ ትንተና፣ የተነገረውን በጭብጥ በጭብጥ የሚያደራጀውን ዘዴ፣ ትጠቀማለች ብዬ እገምታለሁ። ብራውንና ክላርክ ራሳቸው ከ2006ቱ ጽሑፋቸው በኋላ ሙሌት ከእነርሱ አካሄድ ጋር እንደማይስማማ ጽፈዋል። ምክንያቱም ጭብጥ መረጃው ውስጥ ተቀብሮ ተቆፍሮ የሚወጣ አይደለም፤ አጥኚው ከመረጃው ጋር ተቀምጦ የሚሠራው ነው። «ጭብጦቹ ከመረጃው ብቅ አሉ» የሚል ዓረፍተ ነገር በየጽሑፉ አነባለሁ፤ ማን እንደሠራቸው፣ በምን ዓይን እንዳያቸው ይሰውራል።

ማልተሩድና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2016 ያቀረቡት ሐሳብ ለአንቺ የበለጠ የሚጠቅም ይመስለኛል። ናሙናው በያዘው የመረጃ ጉልበት ይመዘን ይላሉ። የጥናቱ ዓላማ ጠባብ ከሆነ፣ ሰዎቹ ለጥያቄው የተለየ ዕውቀት ካላቸው፣ የምትደገፊበት ንድፈ ሐሳብ ካለ፣ ንግግሩ ጥልቅ ከሆነ፣ ትንታኔሽም ጥቂት ጉዳዮችን በጥልቀት የሚመለከት ከሆነ ጥቂት ሰው ይበቃል። «ደህና ነው» የሚል ንግግር ጉልበት የለውም፤ እንዲህ ከሆነ 18 ሳይሆን 50 ያስፈልግሻል፣ እርሱም ላይበቃ ይችላል። ሁለቱ ችግሮችሽ በእኔ ዓይን አንድ ችግር ናቸው።

ሌላም ልጨምር። ጽሑፉን በእንግሊዝኛ ስለምታቀርቢ ቃለ መጠይቁን ቶሎ ተርጉመሽ ትርጉሙን ኮድ ለማድረግ፣ ማለትም ለየክፍሉ አጭር ስያሜ ለመስጠት፣ ትፈተኛለሽ። አታድርጊው። በአማርኛው ላይ ሥሪ፣ የምትጠቅሻቸውን አንቀጾች ብቻ መጨረሻ ላይ ተርጉሚ። መጀመሪያ የተተረጎመ ቃለ መጠይቅ የተናጋሪውን ማመንታት፣ ሽሙጥና አክብሮት ይዞ አይሻገርም፤ አንቺም ያንን ነገር ሁለተኛ አታገኚውም። ታጌት የሚባለው ነጻ ፕሮግራም የግዕዝ ፊደል በሚገባ ይቀበላል። ብቻ ጽሑፉ በዩኒኮድ የተጻፈ ይሁን። በአሮጌዎቹ የፓወር ግዕዝ ወይም የቪዥዋል ግዕዝ ፊደሎች የተተየበ ሰነድ ፕሮግራሙ ውስጥ ሲገባ የማይነበብ ምልክት ይሆናል።


ሰሚት_ማዶ፦

መምህር፣ እንዳሉኝ ሄጄ ነበር። ቀደም ሲል «መረዳጃችን ነው» ብለውኝ ወደነበሩት እናት ዘንድ ብቻዬን ተመለስኩ፤ በብሎኩ ሰው የሞተ ጊዜ የሆነውን እንዲነግሩኝ ጠየቅኋቸው። ስሜን ሳታነሺ ጻፊው ብለው ፈቅደውልኛል። ከተናገሩት ጥቂቱ ይህ ነው፦

«ድሮ ጡሩምባ ይነፋል። ተኝተሽም ቢሆን ትሰሚያለሽ፤ ማን ሞተ ብለሽ ነጠላሽን አንሥተሽ ትወጫለሽ። እዚህ ጡሩምባ የለም፣ ሰው ይረበሻል ተባለ። ስልክ ላይ ይጻፋል። እኔ ደግሞ ማንበብ አልችልም። የልጅ ልጄ ትምህርት ቤት ከሆነች ማን ይነግረኛል? ከታች ያለችው ሴትዮ ስታርፍ እኔ ቤቴ ሽሮ እየሠራሁ ነበር። በመስኮት ሳይ ድንኳን! ቀብሩ አልቋል። ስም ሲጠራ የለችም ተባልኩ፣ ተቀጣሁ። ገንዘቡ አይደለም። ቀረች ተባለ።»

ዝም ብዬ ቆየሁ። እንደገና ቀጠሉ፦ «ለአሮጌው የምከፍለው ለዚህ ነው። እነርሱ ሰው ይልኩብኛል።»

መቅረጫውን ይዤ ስወጣ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ግን አሁን ምን እንደማደርገው አላውቅም። «የቴክኖሎጂ ተጽዕኖ» የሚል ኮድ ሰጠሁት፤ ሰጥቼው ሳበቃ ሁሉ ነገር የጠፋ መሰለኝ።


የመስክ_ማስታወሻ፦

የጠፋ የመሰለሽ ስለጠፋ ነው። «የቴክኖሎጂ ተጽዕኖ» ማንኛውም ጽሑፍ ላይ ሊለጠፍ ይችላል። መጀመሪያ ላይ ለሚሆነው ነገር ቅርብ የሆነ ስም ስጭው፦ «ሞትን በልጅ ልጅ በኩል መስማት»፣ «ያልሰማን መቅጣት»፣ «ቀረች መባል»፣ «ሰው የሚልክ ዕድር»። እነዚህን ይዘሽ ወደ ሌሎቹ ቃለ መጠይቆች ተመለሺ። ቀስ በቀስ አንድ ከፍ ያለ ነገር ይታይሻል። እኔ ካነበብኩት ተነሥቼ ብጀምር እንዲህ እላለሁ፦ ደንቡ ከሰፈር ወደ ኮንዶሚኒየም ሳይለወጥ መጣ፤ የመገኘት ግዴታው፣ ስም መጥራቱ፣ ቅጣቱ እንዳለ ነው። ያልመጣው ደንቡን ፍትሐዊ ያደርገው የነበረው ጡሩምባ ነው። በሁሉም ጆሮ ይደርስ የነበረው መልእክት አሁን ማንበብ ለሚችል ብቻ ይደርሳል፣ ቅጣቱ ግን ለሁሉም እኩል ነው። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ ያንቺ መረጃ ሊያፈርሰው ይችላል፣ እንዲያፈርሰውም ዕድል ስጭው።

እንዴት? የሚቃረን ሰው ፈልጊ። ሥራው ሩቅ የሆነ፣ በጡሩምባው ዘመን ቀብር ያመልጠው የነበረ፣ አሁን በስልክ የሚሰማ ወጣት አይጠፋም። እርሱ አዲሱን ዕድር ይወደው ይሆናል። ታሪኩ ከእናታችን ታሪክ ጎን ሲቀመጥ ጽሑፍሽ ከአቤቱታ ወደ ትንታኔ ይሻገራል። የዕድሩን ጸሐፊም መተዳደሪያ ደንቡንና የቃለ ጉባኤ መዝገቡን እንዲያሳይሽ ጠይቂ። ጡሩምባ ይቅር ሲባል ማን ተናገረ፣ ማን ተቃወመ? መዝገብ ላይ ያለውና ሰው የሚያስታውሰው ሲለያዩ አንዱን ውሸት አትበይው፤ ልዩነቱ ራሱ መረጃ ነው።


ቀይ_አፈር፦

በመንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ግምገማ ላይ ለዓመታት ሠርቻለሁ፤ የቡድን ውይይትም ልታደርጊ ካሰብሽ አንድ ነገር ልንገርሽ። የዕድሩ ዳኛ የተቀመጠበት ክፍል ውስጥ ስለ ዕድር የሚነገረው ዳኛው መስማት የሚፈልገው ነው። ክፋት ስላለባቸው አይደለም፣ ነገ አብረው ይኖራሉ። ኮሚቴውን ለብቻ፣ ሴት አባላትን ለብቻ፣ ተከራዮችን ለብቻ አነጋግሪ። ወዲያው ሁሉም በየተራ ለአንቺ የሚመልሱ ከሆነ ያ የቡድን ውይይት አልሆነም፤ በአንድ ክፍል የተደረገ ቃለ መጠይቅ ነው። የምትፈልጊው እርስ በርስ ሲነጋገሩ፣ አንዱ ሌላውን «እንዲህ አልነበረም» ሲለው ነው። ስትገለብጪም ማን ለማን እንደተናገረ ለይተሽ ጻፊ።

ስለ አበልም ይነሣ። በብዙ አካባቢ ሰው ውይይት ሲጠራ የትራንስፖርት ይጠብቃል፤ ያስለመድነው እኛው ነን። ተማሪ መሆንሽን ከመጀመሪያው ተናገሪ። ቡናና ዳቦ ይዘሽ ሂጂ፣ ከዚያ በላይ ቃል አትግቢ።


ስታት_መምህር፦

የእናቲቱን ቃል ደጋግሜ አነበብኩት። «ማንበብ ባለመቻልዎ ምክንያት በዕድር ተቀጥተው ያውቃሉ?» የሚል ጥያቄ በየትኛውም መጠይቅ ውስጥ ባልገባ ነበር፤ ማንም አያስበውምና። ይህን እቀበላለሁ። አሁን ግን እኔ ማወቅ የምፈልገው ስንት እናቶች እንዲህ እንደሚቀጡ ነው፤ ይህ ደግሞ የእኔ ሥራ ነው። የመመረቂያ ጽሑፉ መጨረሻ ላይ ለቀጣይ ጥናት ብለሽ ብትጠቁሚው የሚሠራው አይጠፋም።


የመስክ_ማስታወሻ፦

ስታት_መምህር፣ ቆጠራው ቢደረግ እኔም ደስ ይለኛል። ነገር ግን ዓይነታዊ ጥናትን ለመጠይቅ ጥያቄ የሚያዘጋጅ ቅድመ ሥራ አድርገው ከቆጠሩት አልስማማም። አንዲት እናት ብቻ ብትሆንም ደንቡ እንዴት እንደሚሠራ ያሳየችው ነገር ሙሉ ግኝት ነው። በዚህ ላይ ሌላ ክር ከፍተን እንወያይ።


ጤና_መኮንን፦

ሰሚት_ማዶ፣ ከመቀጠልሽ በፊት ስለ ሥነ ምግባሩ። የፈቃደኝነት ቅጽ ላይ ፊርማ ወይም አሻራ ሲጠየቁ የሚፈሩ ብዙ ናቸው፤ ፊርማ በእኛ አገር ከዕዳና ከክስ ጋር ይያያዛል። የቃል ፈቃድ ተቀብለሽ በድምፅ መቅዳት እንዲፈቀድልሽ ለሥነ ምግባር ኮሚቴው ምክንያቱን ዘርዝረሽ አመልክቺ። ሐዘን ቤት መቅረጫ ይዘሽ አትግቢ፤ ለቅሶ ልትደርሺ ከሄድሽ ለቅሶ ደርሰሽ ውጪ።

ስም መቀየር ብቻውን አይበቃም። በአንድ ብሎክ የሚታወቅ አንድ ቀብር፣ ሽሮ እየሠሩ የነበሩ አንድ እናት፣ ከልጅ ልጅ ጋር የሚኖሩ። ከተማው አያውቃቸው ይሆናል፣ ዕድርተኛው ግን በአንድ ንባብ ያውቃቸዋል፤ የሚጎዳቸውም እርሱ ነው። ሽሮውን አውጪው፣ የልጅ ልጅ የሚለውን «የቤተሰብ አባል» አድርጊው፣ የሞተችውን ሰው ጾታና ወለል አታንሺ። የክሩን አዘጋጆችም ከላይ የለጠፍሽውን እንዲያሳጥሩልሽ ዛሬውኑ ጠይቂ። ከዚያ ጽሑፍሽ ውስጥ የሚገባውን አንቀጽ ይዘሽ ሂጂና ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው፤ ይውጣ ያሉትን አውጪ።